ባውዛው ግንባር ላይ፣ ጠመንጃው ትከሻ ላይ፦ ለሌሊት ማሳ ጥበቃ መብራት አመራረጥና አገጣጠም

አምና ጥቅምት ላይ ነው። ማሽላው ወተት ቋጥሮ ሊጠና ሲል። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው የአጎቴ ማሳ፣ ማማው ላይ ሁለታችን ተቀምጠናል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ከወንዙ በኩል አገዳ ሲሰበር ተሰማ። ቀጭ... ቀጭ። አጎቴ ጠመንጃውን አነሳ። አፈሙዙ ላይ እኔ ራሴ በናስትሮ ያሰርኩለት የእጅ ባትሪ አለ። ከደብረ ብርሃን ይዤለት የወረድኩት ነው፤ ኮርቼበትም ነበር። አበራው። ሰማንያ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች ቦግ አሉ።

«ያውልህ! መጣ አሳማው» አለኝ በሹክሹክታ።

እኔም አሳማ ነው ብዬ ነበር። ጣቱ ቃታው ጋ ሲደርስ ከዓይኖቹ ኋላ የቀጠነ ድምፅ መጣ። «ኧረ እኔ ነኝ! አህያ ፍለጋ ነው!»

የጎረቤት ልጅ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። አህያዋ ገመድ በጥሳ ማሽላው ውስጥ ገብታለች፣ እሱ ደግሞ ከኋላዋ። አጎቴ ጠመንጃውን አወረደና እስኪነጋ ድረስ ቃል አልተነፈሰም። ጠዋት ሴንጢውን አውጥቶ ናስትሮውን ቀደደው። «እንካ ባትሪህን» አለኝ። በቃ።

ሥራዬ ሶላርና ባትሪ መጠገን ነው። ከቆላው የሚመጡ ሰዎች ዘወትር የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጠመንጃ ላይ የሚታሰር ባውዛ የትኛው ይሻላል?» ከዚያ ሌሊት ወዲህ መልሴ አጭር ሆኗል። ጠመንጃ ላይ አትሰሩ። መብራቱ ግን ያስፈልጋችኋል፤ ጥሩ መብራትም ያስፈልጋችኋል። የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚገጠም ነው የምነግራችሁ።

ለምን አፈሙዝ ላይ አይሆንም?

ምክንያቱ ቀላል ነው። መብራቱ ጠመንጃው ላይ ካለ፣ ያያችሁትን ሁሉ አነጣጥራችሁበታል ማለት ነው። «ማነው?» ለማለት እንኳ መጀመሪያ አፈሙዝ ታዞራላችሁ። የሚንኮሻኮሸው የጎረቤት አህያ ሊሆን ይችላል። ውሃ ተራ ደርሶት ቦይ የሚመልስ ገበሬም ሊሆን ይችላል። ሮቢት አካባቢ ደግሞ የመስኖ ተራ ሌሊትም ይደርሳል፤ ሰው በጨለማ አካፋ ይዞ ይሄዳል።

ሌላም አለ። ገበያ ላይ ያለ የእጅ ባትሪ በደንብ የሚያሳያችሁ ሰማንያ፣ ቢበዛ መቶ ሜትር ነው። የክላሽ ጥይት ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከብርሃኑ ማዶ ያለውን የሚያውቅ የለም።

ሕጉንም ልጥቀሰው፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ አደን ክልክል ነው። መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ጉዳይ ነው። አሳማው መንደሩን ካስመረረ መሄጃው ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። ብቻችሁን ሳትሆኑ ከጎረቤት ጋር፣ የወደመውን ማሳ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለማየትና ለማባረር ነው።

መጀመሪያ ሌባውን እወቁ

መብራት ከመግዛታችሁ በፊት ማን እንደሚመጣ እወቁ። ዝንጀሮና ጦጣ የቀን ሌቦች ናቸው፤ ለነሱ ወንጭፍ እንጂ ባውዛ አይሠራም። ከርከሮም የሚበዛው በቀን ነው። ሌሊት የሚመጡት የዱር አሳማና ጃርት ናቸው። ብዙ ሰው አሳማውንም ከርከሮውንም በአንድ ስም ይጠራል፤ የሚመጡበት ሰዓት ግን ይለያያል።

ፊርማቸውም ይለያያል። አሳማ በመንጋ ገብቶ አገዳውን ጥሎ ይረግጠዋል። ጠዋት ስታዩት ማሳው ላይ ትራክተር የዞረበት ይመስላል። ጃርት ብቻውን ወይም ጥንድ ሆኖ ይመጣል፤ የበቆሎውን አገዳ ከሥሩ ይጋጠዋል፣ ድንች ካለ ይቆፍራል። እሾሁንም ጥሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ መታወቂያውን ጥሎ እንደ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ዓይን ልምጣ፤ አጎቴንም እኔንም ያሳሳተን እሱ ነው። የከብት፣ የአህያ፣ የበግ፣ የውሻ፣ የጅብና የድመት ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው። መብራት ሲያርፍበት እንደ መስታወት ያበራል፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ። የአሳማ ዓይን ይህ ሽፋን የለውም። የሰውም የለውም። የዝንጀሮም እንደዚሁ።

ስለዚህ ማሽላ ውስጥ ዓይን ቦግ ሲል መጀመሪያ ማሰብ ያለባችሁ «የማን ከብት ነው?» ብላችሁ ነው። አሳማን በዓይኑ የሚጠብቅ ሰው አሳማው በልቶ እስኪሄድ ይጠብቃል። አሳማን የምታውቁት በጎኑ ቅርጽ፣ በጥቁር ጀርባውና አገዳው በሚናወጥበት መንገድ ነው። ለዚህ ደግሞ ወደ ሩቅ የሚወረወር ቀጭን ጨረር ብቻውን አይበቃም፤ ሰፋ ብሎ የሚዘረጋ ብርሃንም ያስፈልጋል።

ሱቅ ውስጥ ምን ታያላችሁ?

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። «100000 ሉመን» የሚል የእጅ ባትሪ አይቼ አውቃለሁ። በአንዲት ትንሽ ባትሪ የሚሠራ ነገር ያንን ያህል ብርሃን አያወጣም። ጥሩ ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ያወጣል። ባትሪው የሚሸከመውን ዋት ካወቃችሁ ውሸቱን ራሳችሁ ታሰላላችሁ።

ሉመን ማለት ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን ድምር ነው። ሩቅ የሚያደርሰው ግን ካንዴላ የሚባለው ነው፤ ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተሰበሰበ የሚለካበት። ካርቶኑ ላይ ካንዴላ ተጽፎ ካገኛችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው። የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ወስዳችሁ በሁለት ማባዛት ነው። 10000 ካንዴላ ከሆነ 200 ሜትር ይመጣል። ግን እዚያ ርቀት ላይ የሚደርሰው ብርሃን የሙሉ ጨረቃን ያህል ብቻ ነው። አህያን ከአሳማ ለመለየት ግማሹን ቁጠሩ፤ መቶ ሜትር። ለአንድ ጥማድ ሁለት ጥማድ ማሳ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ሱቁ ውስጥ በቀን አብርቶ መግዛት ቆሎ ሳይቀምሱ እንደ መግዛት ነው። ባለሱቁን ለምኑና ጨለማ ወዳለበት፣ መጋዘንም ቢሆን፣ ውሰዱት። ከአሥር እርምጃ ግድግዳ ላይ አብሩት። መሐሉ ላይ ጠንካራ ክብ፣ ዙሪያው ላይ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ሰፊ ብርሃን ካለ ጥሩ ነው። መሐሉ ጥቁር ቀለበት ከሆነ ወይም ብርሃኑ ወደ ጎን ካዘነበለ ተዉት። ከዚያ አሥር ደቂቃ ሙሉ አብሩትና ጨብጡት። አካሉ ሲሞቅ ደስ ይበላችሁ፤ ሙቀቱ ከኤልኢዲው እየወጣ ነው ማለት ነው። ሳይሞቅ ብርሃኑ ከደበዘዘ ግን ወይ ባትሪው ደካማ ነው፣ ወይ ሙቀቱ ውስጥ ታፍኖ ኤልኢዲውን እያቃጠለ ነው። ነቅነቅ አድርጉት። የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ማሳ ድረስ አይደርስም።

ቀለሙን አትርሱ። ገበያውን የሞላው ሰማያዊ የሚመስል ነጭ ነው። ዓይን ይማርካል እንጂ በአቧራና በጉም ውስጥ ብርሃኑ ወደ ራሳችሁ ይመለሳል። ጣርማ በር ላይ በክረምት መኪና የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ረጅም መብራት ሲያበራ ነጭ ግድግዳ ነው የሚያየው። ትንሽ ቢጫ ያለበት ነጭ ምረጡ። የቡናማውንና የአረንጓዴውን ልዩነትም በደንብ ያሳያችኋል። አሳማ ደግሞ ቡናማ አገዳ ውስጥ የቆመ ጥቁር ነገር ነው።

ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ከሆነ ጭማሪ ክፈሉለት። ብዙ አጥቢ እንስሳት ቀይን ደህና አድርገው አያዩም፤ ለእኛም በጨለማ የለመደውን ዓይናችንን አያጠፋብንም። ቀይ ያለው ካላገኛችሁ ቀይ የፕላስቲክ ፌስታል ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ በላስቲክ እሰሩበት። ያስቃል፣ ግን ይሠራል። የጋለ መብራት ላይ ግን ብዙ አታቆዩት፤ ይቀልጣል።

ውሃን በተመለከተ፣ «አይፒ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 65 ከሆነ አቧራም ዝናብም አይገባውም። 67 ከሆነ ቦይ ውስጥ ወድቆ ቶሎ ቢወጣ ይተርፋል። ምንም ካልተጻፈ የላስቲኩን ቀለበት ክዳኑ ላይ ፈልጉ። ቀለበት ከሌለው ለበጋ ብቻ ነው።

ባትሪው፤ ሰው የሚጃጃልበት ቦታ

ጥሩ የእጅ ባትሪዎች አብዛኞቹ 18650 የሚባለውን ሴል ይጠቀማሉ። ቁጥሩ መጠኑ ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር። እውነተኛው ሴል የሚይዘው ከ2000 እስከ 3500 ሚሊ አምፒር አወር ያህል ነው። «9900» ተብሎ ከተጻፈበት ውሸት ነው፤ ክርክር አያስፈልገውም። እኔ ራሴ ከፍቼ ካየኋቸው ውስጥ ሽፋኑ ትልቅ ሆኖ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ሴል የተወሸቀበት አለ።

ማረጋገጫው ሚዛን ነው። እውነተኛ ሴል ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ወርቅ ቤት ወይም ትንሽ ሚዛን ያለው ሱቅ ካለ አስመዝኑት። 30 ግራም ካለ መልሱት። ሚዛን ከሌለም ሁለት ሴል በሁለት እጃችሁ ያዙ፤ ልዩነቱ ይታወቃል።

አንድ 3000 የሆነ ሴል 11 ዋት አወር ያህል ይይዛል። 300 ሉመን ብታበሩበት ሦስት ሰዓት ገደማ ያቆያችኋል። ሌሊቱ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለት ትርፍ ሴል ያዙ፣ ወይም ደግሞ ብርሃኑን ለአፍታ ብቻ አብሩ። የኋለኛውን ነው የምመክረው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ። ሴሎቹን ኪስ ውስጥ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አትክተቱ። ሁለቱ ጫፎች በብረት ከተገናኙ ይግላል፣ ይቃጠላልም። ያበጠ ሴል ካያችሁ አትሙሉት፣ እሳት ውስጥም አትጣሉት።

የግንባር መብራት አገጣጠም

ከሦስቱ መብራቶች፣ ከግንባሩ፣ ከዱላውና ከማማው፣ አንድ ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ ይህን ግዙ። እጅ ነፃ ይሆናል። በተጨማሪ ከዓይናችሁ አጠገብ ስለሆነ የከብትንና የጅብን ዓይን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው እሱ ነው። የእንስሳ ዓይን ብርሃኑን የሚመልሰው ወደ መጣበት ነው። ባትሪውን ወገባችሁ ላይ ይዛችሁ አብሩ፣ ዓይኖቹ ይደበዝዛሉ። ወደ ግንባራችሁ አምጡት፣ ቦግ ይላሉ። ውሻችሁ ላይ ሞክሩት።

ሲገጠም ባትሪው ከማጅራት በኩል የሆነውን ምረጡ፤ ግንባር ላይ ሁሉም ከተከመረ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ አንገታችሁን ያማችኋል። ጋቢ ተከናንባችሁ ከሆነ ማሰሪያው ከጋቢው በላይ ይሁን። የጋቢው ጫፍ ከመብራቱ ፊት ወጥቶ እንዳይቀር። ነጭ ጨርቅ ብርሃኑን ወደ ዓይናችሁ ይረጨዋል፤ ከዚያ ምንም አታዩም። ጠቆር ያለ ኮፍያ ከጋቢው በላይ ማድረግ ጥሩ መላ ነው። መብራቱን ወደ ታች ትንሽ አዘንብሉት፣ ቆማችሁ አሥር እርምጃ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ እንዲያርፍ። በዚህ ሁኔታ መንገድ ስትሄዱ እባብ ታያላችሁ፤ ሩቅ ለማየት ቀና ማለት ብቻ ነው።

አንድ ችግር አለው። ቆላ ነው፤ ትንኝና ቢምቢ ወደ ፊታችሁ ይጎርፋል። ቀይ ወይም ቢጫ ብርሃን የሚስበው ነፍሳት ትንሽ ነው። ማማ ላይ ስትቀመጡ ወደ ቀዩ ቀይሩት።

ዱላ ላይ አገጣጠም

ጠመንጃ ላይ ሊታሰር የነበረው የእጅ ባትሪ ቦታው እዚህ ነው። ሽመሉ ቢያንስ ትከሻ ድረስ የሚደርስ፣ ጫፉ የማይወዛወዝ ይሁን።

ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ለኩ። ቦታው ላይ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ጣት የሚሰፋ ቁራጭ ሁለት ዙር ጠምጥሙ። ይህ ባትሪው እንዳይንሸራተት ነው። ባትሪውን ላስቲኩ ላይ አስተኙት፣ ፊቱ ወደ ዱላው ጫፍ፣ ማብሪያው ደግሞ አውራ ጣታችሁ በሚያርፍበት በኩል ይሁን። ሁለት ቦታ እሰሩት፤ አንዱን ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ሌላውን ከጭራው በፊት። የውሃ ቱቦ የሚታሰርበት ብረት ማሰሪያ ካላችሁ እሱን በካቻቢቴ አጥብቁ፣ ግን አካሉ እስኪጎደጉድ አይሁን። ከሌላችሁ ያው ላስቲክ ወጥራችሁ ጠምጥሙ። ናስትሮ ብቻውን አይበቃም። በቆላ ሙቀት ማጣበቂያው ይቀልጣል፣ ጠዋት ላይ ባትሪው ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። የባትሪው የኋላ ክዳን ማሰሪያው ሳይፈታ መከፈት አለበት፤ ሴል በጨለማ ለመቀየር ሁሉንም መፍታት ያናድዳል።

ሲያልቅ ዱላውን መሬት ላይ አሥር ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ካልጠፋ፣ ካልዞረ፣ ተሠርቷል።

ጥቅሙ ሩቅ ማየት አይደለም። ዱላውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ ብርሃኑን ከጎን ስትልኩት ኮቴው ሁሉ ጥላ ይጥላል። ከላይ ሲበራ ልሙጥ የሚመስለው አፈር ላይ፣ ከጎን ሲበራ የአሳማው ሁለት ጥፍር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በየት እንደገባ ታገኛላችሁ። አጎቴ በዚህ መንገድ አጥሩ ሥር የነበረችውን ቀዳዳ አገኘና በእሾህ ደፈናት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ ተኛ። ጉም ባለበትም ዱላው ይሻላል፤ መብራቱ ከዓይን ስለሚርቅ ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ አይመለስም።

የማማው ባውዛ

ይህ ገንዘብም ጉልበትም ይጠይቃል፤ ከጎረቤት ጋር ሦስትና አራት ሆኖ መግዛት ነው ያለው። ዕቃዎቹ፦ የ12 ቮልት 10 ዋት ኤልኢዲ ባውዛ፣ 12 ቮልት 7 አምፒር አወር የታሸገ ባትሪ፣ 20 ዋት የሶላር ፓኔል፣ ትንሽ ቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ 3 አምፒር ፊውዝ ከነቤቱ፣ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያ።

ሒሳቡ ይኸው። ባትሪው 84 ዋት አወር ይይዛል። የዚህ ዓይነት ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 42ቱን ቁጠሩ። 10 ዋቱ ባውዛ አራት ሰዓት ይበራል። ፓኔሉ በቀን አምስት ሰዓት ደህና ፀሐይ ካገኘ፣ የሚባክነው ተቀንሶ 65 ዋት አወር ገደማ ይመልሳል። ይበቃል።

ወደ ተከላው። መጀመሪያ ማማው የት እንደቆመ እዩ። የአካባቢ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፤ ባውዛውን ወደ ማሳው መሐል ብታበሩ የምታዩት ራስ ራሱን ብቻ ነው፣ አሳማው ሥሩ ላይ ሆኖ ይበላል። ስለዚህ ባውዛው የሚያበራው ማሳውን ሳይሆን ዳሩን ነው። በወንዙ ወይም በገደሉ በኩል፣ እንስሳው በሚመጣበት አቅጣጫ፣ ስፋቱ አራት እርምጃ የሆነ መንገድ መንጥሩ። አሳማው ያንን ባዶ መሬት ማቋረጥ አለበት። የሚታየውም እዚያ ላይ ነው።

ባውዛውን ከማማው ወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ተቀምጣችሁ እጃችሁ በሚደርስበት እንጨት ላይ ስቀሉ። እንዲዞር ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፦ ክንድ የሚያህል የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ቁረጡ፣ ከማማው ቋሚ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ውስጡ ልክ የሚሆን ክብ እንጨት ሰክታችሁ የባውዛውን እግር ከእንጨቱ ራስ ጋር በቡሎን አያይዙት። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሽከረከራል። ሽቦው ሲዞር እንዳይበጠስ አንድ ክንድ ትርፍ ተዉለት።

ሽቦውን ስትዘረጉ ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን፣ ባውዛው ጋ ሳይሆን። አይጥ ሽቦ ብትበላና ሁለቱ ቢነካኩ እሳቱን የሚያስቀረው እሱ ነው፤ ማማው ደግሞ እንጨትና ሣር ነው። መቆጣጠሪያው ላይ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን፣ መጨረሻ ባውዛውን አገናኙ። ስትፈቱ ከኋላ ወደ ፊት። ይህን ቅደም ተከተል ሳይጠብቁ መቆጣጠሪያ አቃጥለው የሚመጡልኝ ብዙ ናቸው። ፓኔሉን ወደ ደቡብ አዙሩት፣ ትንሽ ብቻ አዘንብሉት፤ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥብ ያህል። ባትሪውን ከማማው ሥር፣ ጥላ ባለበት፣ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። የሮቢት ፀሐይ ባትሪ ትገድላለች።

ባውዛው ወደ አዲስ አበባ–ደሴ መንገድ የሚያይ ከሆነ አቅጣጫውን ቀይሩ። እንዳይዞርበት እንጨቱ ላይ ማገጃ ሚስማር ምቱ። ሌሊት የጭነት ሾፌር ዓይን ላይ ማብራት ቀልድ አይደለም።

ሌሊት እንዴት ይሠራበታል?

ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንዴ ነጭ ብርሃን ካያችሁ ያ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ማማ ላይ ወጥታችሁ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ስልክ አትክፈቱ። ጆሮ ከዓይን ይቀድማል። ድምፅ ስትሰሙ በቀዩ ቃኙ። የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና ነጩን ለሦስት፣ ለአራት ሰከንድ አብሩ። ብርሃኑ ሲጠፋ የጨፈናችሁት ዓይን አሁንም ጨለማውን ያያል።

ከማብራታችሁ በፊት ግን ተጣሩ። «ማነው?» በሉ፣ ጮክ ብላችሁ። ሰው ከሆነ ይመልሳል። አሳማ ከሆነ ይሸሻል። በሁለቱም አትከስሩም። እኛ መንደር ከዚያ ሌሊት በኋላ ደንብ ወጥቷል። ሌሊት ማሳ የሚገባ ሰው ባትሪውን ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጋል፣ ማማ ላይ ያለው አንድ ጊዜ ይመልሳል። ልጆቹ ሳይቀሩ ያውቁታል፤ እንደ ጨዋታ ይዘውታል።

ባውዛውን ሌሊቱን ሙሉ አታብሩት። እንስሳ ይለምዳል። በሦስተኛው ሳምንት አሳማው በባውዛው ብርሃን ራቱን ሲበላ ታዩታላችሁ። አንዴ አብሩ፣ አንዴ ጅራፍ አጩሁ፣ አንዴ ቆርቆሮ ምቱ፣ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ዝም በሉ። ሰዓቱንም ቀያይሩ። ሌባው መቼ ምን እንደሚመጣበት ካላወቀ ይፈራል።

ሌሊት ላይ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከደጋው ተራራ ወደ ቆላው ይወርዳል። የእናንተን ሽታ ይዞ ወደ ወንዙ ይሄዳል ማለት ነው። አዳኝ ቢሆን ያማርራል፤ ለጠባቂ ግን ያለ ክፍያ የሚሠራ ዘበኛ ነው። አጎቴ ላብ የጠጣ አሮጌ ሸሚዙን በወንዙ በኩል ባለው አጥር ላይ የሚሰቅለው ለዚህ ነው፤ ባለቤቱ ግን ታፍራለች።

ከመኸር በኋላ

ማሽላው ታህሣሥ ላይ ሲሰበሰብ መብራቱን ቆርቆሮ ሥር ወርውራችሁ አትተዉት። የግንባሩንና የዱላውን ሴል አውጡ። ሊቲየም ሴል ሙሉም ባዶም ሆኖ አይከርምም፤ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጡ። የማማው ባትሪ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል፣ በየወሩም ይሞላል። የሴሉ መንኪያ ብረቶች ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። መስታወቱን በለሰለሰ ጨርቅ፣ ትንሽ ውሃ ነክታችሁ አጽዱ፤ በአሸዋ የሚፈትግ ሰው አይቻለሁ፣ ባትሪውን እንደ ሻማ ነው ያደረገው።

ሽቦውን ስትጠቀልሉ በክርናችሁ አታጥፉት፤ ሰፊ ክብ አድርጋችሁ እሰሩት። ፊውዙን አውጥታችሁ ሣጥኑ ክዳን ላይ በናስትሮ ለጥፉት፤ መስከረም ላይ ፍለጋ እንዳትወጡ።